ዳህላክ መስመሩን ስታቋርጥ

ሽሪምፕ አጥማጆቹ የአበጋዝን ሬሳ ጭነው ስኽቬኒንገን ወደብ ሲገቡ የእሑድ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ከወደቡ በስተደቡብ፣ ተር ሃይደ ከምትባል መንደር ፊት ለፊት ነው ባሕር ላይ ተንሳፍፎ ያገኙት። በሸራ ሸፍነው ከድንጋዩ ላይ አሳረፉት። የውሃ ፖሊሱ ኢንስፔክተር ስሉይስ ሸራውን ከፊቱ ገለጥ አድርጎ «እሱ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«እሱ ነው» አለ አስናቀ።

ከዚያ በላይ ማየት አልቻለም። ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ። ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ተኝቷል። ሁለት ቀን ሙሉ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነፈሰም።

አስናቀ የውድድሩ የፍጻሜ ኃላፊ ነበር። በፈረንጆቹ 1984 ሰኔ፣ ለጰራቅሊጦስ እረፍት፣ ከእንግሊዝ ጠረፍ ተነስተው የሰሜንን ባሕር የሚያቋርጡ የሸራ ጀልባዎች ውድድር ነው። እሱ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ የሰለጠነ፣ አሁን ሮተርዳም ባለ አንድ የመርከብ ጭነት ቢሮ የሚሠራ፣ ዴን ሃግ ሙርዋይክ የሚኖር ሰው ነው። ውድድሩን የሚያዘጋጀው የጀልባ ክበብ ለሐበሻ እንዲህ ያለ ኃላፊነት ሲሰጥ የመጀመሪያው ጊዜ ስለነበር ሥራውን እንደ ታቦት ነበር የያዘው።

ነፋስ ሲጠፋ ደግሞ ከባዱ ሥራ የፍጻሜው ነው። በዚያ ጠረፍ ባሕሩ ስድስት ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ፣ ስድስት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ይፈሳል። ነፋስ ያጣች ጀልባ ወይ መልሕቅ ጥላ ትጠብቃለች፣ ወይ ፍሰቱ ወደ መጣችበት ይመልሳታል። ሞተር መንካት ክልክል ነው፤ የነካ ከውድድሩ ይሰረዛል። በዚህ ላይ ዘበኛ የለም፤ ያለው የሰው ቃል ብቻ ነው። አስናቀ ቅዳሜ ማታ ኮሚቴውን አሳምኖ የፍጻሜውን መስመር ከወደቡ አፍ ወደ ባሕር አወጣው፤ ጀልባዎቹ የተመደበው ጊዜ ሳያልቅባቸው እንዲደርሱ ብሎ ነው። የዳኞቹን ጀልባ በመልሕቅ አቆመ፣ በማዶ ብርቱካንማ ምልክት አንሳፈፈ፣ ለሁሉም በራዲዮ አስታወቀ። ከጀልባው ምሰሶ እስከ ምልክቱ ያለው መስመር በዓይን ብቻ የሚታይ መስመር ነው። ጀልባ ሲያቋርጠው ደግሞ ማየት ያለበት እሱ ነው።

እሑድ ቀትር ላይ ሁለቱን ረዳቶቹን «ሂዱ ምሳችሁን ብሉ፣ እኔ እበቃለሁ» ብሎ ወደ ወደቡ ሰደዳቸው። ሁለት ሌሊት አልተኛም። ፀሐዩ ይሞቃል፣ ጉሙ ባሕሩን ጋርዶታል፣ ጀልባዋ ቀስ እያለች ትወዛወዛለች። ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

የቀሰቀሰው የጥሩንባ ድምፅ ነው። ዘሎ ሲወጣ አበጋዝን ጨምሮ አራት ሰዎች የተሳፈሩባት «ዳህላክ» የምትባለዋ ጀልባ መስመሩን አልፋ፣ ኋላዋ ብቻ ጉም ውስጥ ሲገባ አየ። «አስናቀ! አንደኛ!» ብሎ አንድ ሰው ጮኸ። እሱም እጁን አነሳ፣ የራሱን ጥሩንባ ነፋ። ስንት ሰው አየ? አያውቅም።

ትንሽ ቆይቶ ራዲዮው ተናገረ። ከአራቱ የዳህላክ ሰዎች የአንዱ፣ የኮማንደር ወርቅአፈራሁ ድምፅ ነው። «መስመሩን ካለፍን በኋላ መልሕቅ ጥለን ምሳ ስንበላ አበጋዝ ወድቆብናል። ማንም አላየውም።» ወዲያው የነፍስ አድን ጀልባዎቹ አዛዥ አስናቀን ጠራው።

«መስመሩን ሲያቋርጡ ሰውየው ጀልባው ላይ ነበር? በዓይንህ አይተኸዋል?»

ተኝቼ ነበር ማለት ነበረበት። ኮሚቴው፣ ረዳቶቹ፣ በየጀልባው ራዲዮ የሚያዳምጠው ሁሉ ፊቱ ላይ ተደቀነ።

«አይቼዋለሁ» አለ። «እጁንም አወዛውዞልኛል።»

ጀልባዋ ላይ የቀሩት ሦስት ሰዎች ያሉትን አራተኛ ሆኖ መድገም ምን ጉዳት አለው ብሎ ነው። ነፍስ አድኖቹ ፍሰቱን ተከትለው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በሰሜን፣ በካትዋይክ በኩል ሲያስሱ ዋሉ።

*

ፖሊስ አደጋ ነው ብሎ ሊዘጋው ሲል የሟች ባለቤት ሰገነት አልተቀበለችም። ከአምስተርዳም ኦስዶርፕ ተነስታ ቭላርዲንገን ወይዘሮ የትነበርሽ ቤት ሄደች።

ወይዘሮ የትነበርሽ አዘዘ ድሮ አዲስ አበባ ፖሊስ ውስጥ የወንጀል መርማሪ ነበሩ። አሁን ሮተርዳም ለአንድ የባሕር ኢንሹራንስ ድርጅት ይመረምራሉ። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው። ሆላንዶች ድሮፕ የሚሉት ጥቁር፣ ጨው ጨው የሚል ከረሜላ ከቦርሳቸው አይጠፋም። ዳህላክ ድርጅታቸው ዘንድ ዋስትና ስለገባች ጉዳዩ በሥራም ይመለከታቸው ነበር። አስናቀን ስልክ ደውለው ጠሩት።

«ባሕር አላውቅም። አብረኸኝ ዙርና አስረዳኝ» አሉት።

እምቢ የሚልበት ምክንያት አጣ። ሐሙስ ጠዋት ከትራም ወርደው ወደ ውሃ ፖሊስ ቢሮ ሲሄዱ፣ ስለ አየሩ ሲያወሩ ቆይተው ድንገት ጠየቁት።

«እጁን ሲያወዛውዝልህ ምን ለብሶ ነበር?»

«ሰማያዊ ጃኬቱን» አለ አስናቀ ሳያስብ። «ባሕር ላይ ከላዩ አይወርድም።»

«እህ» አሉ።

ቢሮው ውስጥ ሰገነት ቀድማ ደርሳ ተቀምጣለች። ስሉይስ የሟቹን ልብስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሱሪ፣ ሹራብ፣ አንድ ጫማ። በመጨረሻም ውስጡ ስፖንጅ ያለው፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ብርቱካንማ ጃኬት።

«ይሄ የሱ አይደለም» አለች ሰገነት።

«ሲገኝ እንዴት ነበር የለበሰው?» ሲሉ ወይዘሮ የትነበርሽ ጠየቁ።

«ግራ እጁን ብቻ አስገብቶ» አለ ስሉይስ። «ቀኙ አልገባም። ለሱ ትከሻ ጠባብ ነው።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

ስሉይስ ሰገነትን በጎን አየት አድርጎ ድምፁን ቀነሰ። «የገደለው ብርዱ ነው። ጃኬቱ ስላንሳፈፈው ብዙ ሰዓት ውሃ ውስጥ ቆይቷል። ሲያገኙት ሕይወቱ ካለፈ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።»

ሰገነት ጃኬቱን በሁለት እጇ ያዘችው። አላለቀሰችም።

ወይዘሮ የትነበርሽ ግድግዳው ላይ ወዳለው የባሕር ካርታ ሄዱ። «አስናቀ፣ ያንተ መስመር የት ነው?» አሳያቸው። «ተር ሃይደስ?» ጣቱን ወደ ደቡብ አወረደ። «ዳህላክ መስመሩን ስታልፍ ባሕሩ ወዴት ነበር የሚፈሰው?»

«ወደ ሰሜን» አለ፤ ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ጣቱ ካርታው ላይ ደርቆ ቀረ። ወደ ሰሜን በሚፈስ ባሕር መስመሩ ላይ የወደቀ ሰው ካትዋይክ ነው የሚሄደው። ተር ሃይደ እንዴት ይገኛል?

ወይዘሮ የትነበርሽ ድሮፕ አውጥተው አፋቸው ውስጥ ጣሉ። «አመሰግናለሁ» አሉት፤ ልዝብነታቸው ከስድብ የባሰ ሆነበት።

*

ዳህላክ ወደቡ ውስጥ ታስራለች። ባለቤቷ ፒተር ኤልሲንክ የዴን ሃግ ጠበቃ ነው፤ ረጅም፣ ፀሐይ ያቀላው። ስሟን ያወጣላት በአበጋዝ ምክር ነበር።

«የሌሊቱ ተራ የኔ ነበር። ጠዋት ተኛሁ። መስመሩን ስናልፍ ጥሩንባው ቀሰቀሰኝ» አለ።

«ጠዋት ባሕሩ ወደ ደቡብ ሲፈስ ጀልባዋ እንዴት ወደ ኋላ አልተወሰደችም?»

«መልሕቅ ጥለን እንደነበር ነገሩኝ።»

«ነገሩኝ» አሉ ወይዘሮዋ ቃሉን እየደገሙ። «መልሕቁ የት ነው የሚቀመጠው?»

ኤልሲንክ ከፊት ያለውን ሳጥን ከፈተ። መልሕቁ ከነገመዱ ተቀምጧል። ነጭ፣ ወፍራም ገመድ ነው፤ ተጠምጥሞ በሰማያዊ ፕላስቲክ ጠፍር ታስሯል። ወይዘሮ የትነበርሽ ጎንበስ ብለው ጠፍሩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ አጥብቆ የያዘ ነው።

«አዲስ ገመድ ነው?»

«ለዚህ ውድድር የገዛሁት ነው» አለ ኤልሲንክ፤ እሱም ጠፍሩን አየው። ሳጥኑን ቶሎ ከደነው።

ወደ ውስጥ ወረዱ። ከደረጃው ሥር፣ ሚስማር ላይ፣ የአበጋዝ ሰማያዊ ጃኬት ተሰቅሏል። ወይዘሮ የትነበርሽ እጅጌውን ዳበሱ፤ ወደ አስናቀ ግን ዞረው አላዩም። «ምናልባት ቀይሮ ይሆናል» አሉ በለሆሳስ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። አስናቀ ቢጮሁበት ይሻለው ነበር።

ኮማንደር ወርቅአፈራሁ ቤታቸው ሮተርዳም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። ለኅብረተሰቡ አባት ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የተጣላ አስታራቂ። አስናቀም አበጋዝም ምጽዋ በሳቸው ሥር አልፈዋል። አሁንም ሲገቡ አስናቀ ሳያውቀው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት። ፊታቸው ከስቷል። «ምን ላድርግ የትነበርሽ? ልጄ ማለት ነው የሞተብኝ።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት ኮማንደር። ጠዋት መሪውን የያዙት እርስዎ ነበሩ?»

«እኔ ነኝ።»

«ባሕሩ ወደ ደቡብ ሲወስዳችሁ ምን አደረጋችሁ?»

«መልሕቅ ጣልን። በገዛ እጄ ነው የጣልኩት። ፍሰቱ ሲዞር አነሳን፤ ባሕሩ ራሱ ይዞን መጣ። መስመሩንም እየተንሳፈፍን አለፍን። ያኔ አበጋዝ አጠገቤ ነበር። አስናቀም አይቶታል።» ወደ አስናቀ ዞረው የምስጋና በሚመስል ዓይን አዩት። «እግዚአብሔር ይስጠው፣ እሱ ባይመሰክር ሰው ምን ይለን ነበር?»

አስናቀ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን አየ። ውሸቱ የኚህ ሰው ምርኩዝ እንደሆነ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ዳህላክ ላይ የነበረውን ሌላውን መርከበኛ፣ ሽባባውን፣ ያገኙት ዴልፍት፣ ዩኒቨርሲቲው ካፍቴሪያ ውስጥ ነው። ለማስተርስ የመጣ የውሃ ምሕንድስና ተማሪ፣ ቀጭን፣ ትከሻው የጠበበ ወጣት። የለበሰው ኮት እጅጌው ጣቶቹን ይሸፍናል።

«የማን ኮት ነው?» አሉት ወይዘሮ የትነበርሽ።

«የፒት ነው። አዋሰኝ። የኔ... ጠፋብኝ።»

«ኤልሲንክ ጥሩ ሰው ነው?»

«ፒት? ማሸነፍ ይወዳል። ያቺን ዋንጫ ለማግኘት እናቱን ይሸጣል። ባለፈው ዓመትም ተናዶ ቴርሞሱን ባሕር ውስጥ ወርውሮታል። ይጠጣል፣ ይሳደባል...» ስለ ኤልሲንክ ብዙ አወራ።

«ኮማንደርስ?»

ሽባባው ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ስኳር አልጨመረበትም።

«ከአበጋዝ ጋር ተጋጭተው ነበር?»

«እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው» አለ ልጁ። «እዚህ አገር ስገባ ቤታቸው ያሳደሩኝ እሳቸው ናቸው። ፕሊስ፣ ስለ እሳቸው አይጠይቁኝ።»

ዴልፍት ባቡር ጣቢያ ላይ ወይዘሮ የትነበርሽ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አስናቀ ቆሞ ቀረ።

«ነገ ሁሉንም ክበቡ እሰበስባቸዋለሁ» አሉት። «የምትናገረው ካለህ፣ ከኔ ቀድመህ ተናገር። ካንተ አፍ ሲወጣና ከኔ አፍ ሲወጣ አንድ አይደለም።»

«እትዬ...»

«ለኔ አይደለም። ለሰገነት ነው።» ባቡራቸው መጣ።

*

የክበቡ አዳራሽ መስኮቶች ወደ ባሕሩ ያያሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ነፋሱ ተመልሶ ባንዲራዎቹን ያማታል። ሰገነት መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ኤልሲንክና ሽባባው ጎን ለጎን፣ ኮማንደሩ በክብር ወንበሩ ላይ፣ ስሉይስ በሩ ዘንድ። አስናቀ ከሁሉ ርቆ ተቀመጠ። ንግግሩ በሆላንድኛ ተጀመረ፤ ሲጦዝ ወደ አማርኛ ዞረ፤ ሽባባው ለስሉይስ ተረጎመ።

«የምጀምረው ከባሕሩ ነው» አሉ ወይዘሮ የትነበርሽ። «ዳህላክ መስመሩን ስታልፍ ባሕሩ ወደ ሰሜን ይፈስ ነበር። አበጋዝ የተገኘው በደቡብ ነው። ባሕር አያዳላም። ስለዚህ አበጋዝ የወደቀው መስመሩ ጋ ሳይደርሱ፣ ወደ ደቡብ ርቀው ሳሉ ነው። መስመሩን ሲያልፉ ጀልባዋ ላይ አልነበረም።»

አስናቀ ወለሉን አየ።

«ሁለተኛ፣ ጃኬቱ። የራሱ ጃኬት ጀልባዋ ውስጥ ተሰቅሏል። ሲገኝ የያዘው የሌላ ሰው ጃኬት ነው፤ ያውም አንድ እጁን ብቻ አስገብቶ። ሰው ደረቅ ወለል ላይ ቆሞ እንደዚያ አይለብስም። ውሃ ውስጥ ሳለ ተወርውሮለት ነው። ስለዚህ ሲወድቅ ያየ ሰው አለ። ትከሻው የጠበበ፣ አሁን የሰው ኮት የለበሰ ሰው።»

ሽባባው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ሦስተኛው መልሕቁ ነው። ጠዋቱን መልሕቅ ጥለን ነበር ተብሏል። የመልሕቁ ገመድ ግን ሱቅ ውስጥ የታሰረበት ጠፍር እንኳ አልተፈታም። መልሕቅ አልጣሉም። ነፋስ የለም። ባሕሩ ወደ ኋላ ይጎትታል። ታዲያ ሌሎቹ ጀልባዎች ቆመው ሳሉ ዳህላክ እንዴት ቀደመች?»

ወይዘሮዋ ከቦርሳቸው አንድ ድሮፕ አወጡ።

«በሞተር። ደግሞ ይህን ያስተማረኝ አስናቀ ነው፤ ትናንት ከወደቡ በትራም ስንመለስ ጠየቅሁት። ነፋስ በሌለበት ባሕር የወደቀ ሰውና ጀልባው አብረው ነው የሚንሳፈፉት፤ ውሃው ሁለቱንም እኩል ይወስዳል። እጅ ለእጅ ይደርሳሉ። የሚለያዩት ጀልባው በሞተር ከሄደ ብቻ ነው።»

ኤልሲንክ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ተኝቼ...»

«ሞተሩ ካልጋዎ ሥር ነው፣ ሚስተር ኤልሲንክ።»

ጠበቃው ቀይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሰምቼዋለሁ» አለ። «ሲነሳ ሰማሁ። ሲጨቃጨቁም ሰማሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ካላየሁ አላውቅም ብዬ።»

«አራተኛ፣ ማን ነው? ኤልሲንክ ስለ መልሕቁ ‹ነገሩኝ› ነው ያሉት። ‹በገዛ እጄ ጣልኩ› ያሉ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ያልተደረገን ነገር አድርጌያለሁ የሚል፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ያደረገው ነገር ያለ ሰው ነው። ሽባባውን ስለ ኤልሲንክ ጠየቅሁት፣ ገመናውን ሁሉ ዘረገፈልኝ። የሚፈራው እሱን ቢሆን ኖሮ አፉን ይዘጋ ነበር። አፉን የዘጋው ስለ ሌላ ሰው ስጠይቀው ነው። ልጅ እንዲህ የሚያፍረው ለታላቁ ነው።»

ኮማንደር ወርቅአፈራሁ አልተነቃነቁም።

«ጋሼ» አለ ሽባባው ድምፁ እየተሰበረ፣ «እኔ ከዚህ በላይ አልችልም።» ከዚያም ተናገረ። ከቀትር በፊት ኮማንደሩ ሞተሩን አስነሱ። አበጋዝ «ኮማንደር፣ ይሄ ሌብነት ነው፤ አስናቀ ፊት ቆሜ አልዋሽም» ብሎ ሊያጠፋው እጁን ሰደደ። ኮማንደሩ ደረቱን ገፉት። በኋላ በኩል ወደቀ። ልጁ ጃኬቱን አውልቆ ወረወረለት። «እንመለስ» ሲላቸው «ይቀዝቅዝለት፣ ትንሽ ይቀመጥ» አሉ። ሲመለሱ ጉሙ ዘግቶታል። ዞሩ፣ ጠሩ፣ አጡት። «በራዲዮ እንናገር አልኩ። ሞተሩ ይታወቃል አሉ። መስመሩን ካለፍን በኋላ እንናገራለን አሉ።»

ኮማንደሩ ወደ ሰገነት አላዩም።

«ሲዋኝ አውቀው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ምጽዋ ከሁሉ የሚበልጥ ዋናተኛ እሱ ነበር። ትንሽ ይቆያል ብዬ ነው።... ሌባ አለኝ። በሰው ፊት፣ በልጅ ፊት።» አንገታቸውን ደፉ። ስሉይስ ከበሩ ተነስቶ አጠገባቸው ቆመ።

ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። ወይዘሮ የትነበርሽ ግን አልተቀመጡም። ዓይናቸውን አስናቀ ላይ ጣሉ፣ ጠበቁት። አስናቀ አፉን ከፈተ፤ ምላሱ አልታዘዝ አለው። የኮሚቴው ሊቀመንበር በበሩ መስታወት በኩል ቆሞ ይመለከታል፤ ረዳቶቹም አሉ። በዚያች ሰዓት እንኳ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፣ ያሰበው ስለ ራሱ ፊት ነው።

ወይዘሮዋ ተነፈሱ። «እሺ» አሉ። «አንድ ነገር ቀርቷል። ኮማንደሩ ከመስመሩ በኋላ ወደቀ ሲሉ ነፍስ አድኖቹ ወዲያው አላመኑም። ከመርከበኞቹ ሌላ ያየ ሰው ፈለጉ። ስሉይስ፣ አዛዡ ምን አለህ?»

ስሉይስ ወደ መሬት እያየ ተናገረ። «ጥርጣሬ ቢኖረን አንዷን ጀልባ ወደ ደቡብ እንልክ ነበር አለኝ። አንድ ምስክር በዓይኔ አየሁት ስላለ ሁሉንም ወደ ሰሜን ላክን አለ።»

«ሐኪሙ ደግሞ» አሉ ወይዘሮ የትነበርሽ፣ «በዚያ ሰዓት አበጋዝ በሕይወት ነበር ብሏል።»

ሰገነት ከመስኮቱ ዞረች። «አስናቀ?» አለች። የጠራችው ሁልጊዜ እንደምትጠራው፣ ቤቷ ገብቶ እንጀራ ጨምር ስትለው በነበረው ድምፅ ነው።

«ተኝቼ ነበር» አለ።

*

ኮማንደር ወርቅአፈራሁ ፍርድ ቤት ቀርበው ተፈረደባቸው፤ ይግባኝም አላሉም። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ግማሹ እስር ቤት ጠየቃቸው፣ ግማሹ ስማቸውን መጥራት ተወ። ኤልሲንክ ዋንጫውን መለሰ፣ ዳህላክን ሸጠ። ሽባባው ፈተናውን ጥሎ አንድ ዓመት ዘገየ፤ ሰገነት ግን ጃኬቱን አጥባ በፖስታ ላከችለት።

አስናቀን ሕግ አልነካውም። ፖሊስ ቃሉን ደግሞ ተቀበለው፣ ፈረመ፣ ሂድ አሉት። ክበቡን በራሱ ፈቃድ ለቀቀ። ሰው ግን ለቀቀ አይልም፤ ሲያልፍ ወሬ ያቋርጣል። ሙርዋይክ ገበያ ውስጥ ሐበሻ ሲያይ መንገድ መቀየር ለመደ።

በሐምሌ ሰገነት ደወለችለት።

«ያን ቀን እጁን አወዛወዘልኝ ብለህ ነግረኸኝ ነበር» አለች። «እኔም ለብርነሽ ነገርኳት። አባትሽ በመጨረሻ ደስ ብሎት ነበር፣ ለአስናቀ እጁን አወዛውዞለታል አልኳት። ልጅቷ ማታ ያንን እያሰበች ነው የምትተኛው። እኔ አላፈርስባትም። አንተ ና።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኦስዶርፕ ሄደ። በሩን የከፈተችለት ብርነሽ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «ማማ፣ አስናቀ መጣ!» ብላ ጮኸች። ሰገነት ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችው። ግባም ውጣም አላለችውም፤ ተመልሳ ገባች፣ የወጥ ቤቱን በር ግን ክፍት ተወችው።

ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ብርነሽ ፊት ለፊቱ ቆመች። «አባዬ በየትኛው እጁ ነው ያወዛወዘልህ? በቀኙ ነው በግራው?»

አስናቀ ከወንበሩ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑ ከዓይኗ እኩል እንዲሆን።

«በየትኛውም» አለ። «አላየሁትም ብርነሽ። ዋሽቼ ነው።»

«ኤኽት?» አለች በሆላንድኛ፤ «እውነት?» ማለቷ ነው።

«እውነቴን ነው። ማየት ሥራዬ ነበር፤ ተኝቼ ነበር። ሲጠይቁኝ አፍሬ አየሁ አልኩ። እኔ አየሁ ባልል ኖሮ በሌላ በኩልም ይፈልጉት ነበር። ምናልባት ያገኙት ነበር።»

ከወጥ ቤቱ የሚንኳኳ ዕቃ ጸጥ አለ። ልጅቷ እጅጌዋን እየጎተተች ትንሽ ራቅ ብላ፣ እሷም ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያው ያየኸውን ብቻ ንገረኝ» አለችው።

አስናቀ ጉሙን ነገራት፤ የረጋውን ባሕር፣ የጀልባዋን ኋላ፣ አንድ ሰው ስሙን ጠርቶ ሲጮህ የሰማውን፣ ያም ሰው አባቷ እንዳልነበረ። ያየው ብዙ አልነበረም።